ዓሣ ያልገባበት ውሃ

አክስቴን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ዓሣ የሌለበት ገንዳ ነው። አሰላ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በላቦራቶሪ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው መስከረም የመስታወት ገንዳ ገዝተው ጠጠሩን አጠቡ፣ ውሃ ሞሉ፣ ማጣሪያውን ሰኩ። ከዚያ በየጠዋቱ ቆንጠር አድርገው የዓሣ ምግብ ይበትኑበት ጀመር።

«እትዬ፣ ማንን ነው የሚያበሉት?» ብላ ጎረቤታቸው ሳቀች።

«ውሃውን» አሉ። ምግቡ ሲበሰብስ የሚወጣውን መርዝ የሚያጠፉ ጥቃቅን ተሕዋስያን እስኪበዙ ሳምንታት እንደሚፈጅ አስረዱን።

እኔ ግን ላስደስታቸው ብዬ ከአዳማ ሁለት ዓሣ ውሃ ባለው ፌስታል ይዤ መጣሁ። አክስቴ የመርዙን መጠን በቀለም የሚያሳየውን የመለኪያ ወረቀት ገንዳው ውስጥ ነክረው ቀለሙን አሳዩኝ።

«ገና ነው። አሁን ከገቡ ይሞታሉ፤ መልሳቸው» አሉኝ።

ተቀይሜ ምሳ ሳልበላ ተመለስኩ። ዳግመኛ አላየኋቸውም፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

ለአርባቸው ስመጣ ጎረቤታቸው አንድም ቀን ሳታቋርጥ ምግቡን ስትበትን እንደቆየች ነገረችኝ። ወረቀቱን ነክሬ አየሁት። ውሃው ደርሷል።

«በል እንግዲህ ዓሣውን አምጣ» አለችኝ።

ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ሰኞ እንደምናስረክበው ልነግራት አልቻልኩም።