ሐውልቱን የሚነዳው ሰው

በአብዮት በዓል ሰሞን ቀበሌው ያረጁ ታክሲዎችን አንዱን ባንዱ ላይ ከምሮ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ ከደሴ መውጫ መንገድ ዳር ሐውልት ብሎ አቆመ። ዘበኛው ካኪ ካፖርት ደርቦ ነጭ ቆብ የሚደፋ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት የታችኛዋን ፔጆ መስታወት በእጅጌው ይወለውላል፤ ጎማዋንም በእግሩ መታ መታ ያደርጋል።

አንድ ቀን ከሰኞ ገበያ ስንመለስ ዝናብ ያዘንና ወደሱ ሮጥን።

«ግቡ! ኮምቦልቻ ነው!» አለ የፔጆዋን በር ከፍቶ።

ከኋላ ተጠቀጠቅን። ጓደኛዬ ሐዋ ከፊት ልትቀመጥ ስትል «እሱ በልጄ ተይዟል» ብሎ ከለከላት። መሪውን ጨብጦም «ዱዓ ሳይደረግማ አልነሳም» አለ።

አብረውን የነበሩት እማማ ጀሊላ እጃቸውን ዘረጉ። «በሰላም ያግባን!»

«አሚን!»

«የዘመቱትንም በሰላም ይመልስልን!»

የሱ «አሚን» ከሁላችንም በልጦ ጣሪያውን አስጮኸው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! በአፉ ሞተር አስነሳ፤ በአፉ ጥሩምባ ነፋ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ተያያዘው። እሱ ወደ ግራ ሲያዘነብል እኛም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል እኛም ወደ ቀኝ። ሐዋ በሳቅ ፈረሰች። እማማ ጀሊላ ዘንቢላቸውን አቅፈው «ኧረ በአላህ ቀስ በል፣ እንቁላሌ!» ይላሉ።

ዝናቡ ሲያባራ ፍሬን ያዘ። «ደረስን፤ ውረዱ።»

እየተሳሳቅን ወረድን። እሱ ዞሮ መጣና የፊቱን በር ከፈተ። አንድ ሰው እስኪወርድ ያህል ጠበቀ። ከዚያ የልጅ ጣት እንዳይይዝ እንደሚፈራ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።