ከምሳ በኋላ የተለካው ደም

በቤታችን ልቧ ያሰጋል የምባለው እኔ ነበርኩ። ወፍራም ነኝ፤ አምቦ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ደረጃውን ስወጣ መሀል ላይ ቆሜ ሳልተነፍስ አልጨርሰውም። ባለቤቴ ግን ቀጭን ነው። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ ስንጋባ የገዛው ሱሪ ዛሬም ልኩ ነው። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ ጎጆ በምትባለው የትውልድ አገራቸው በድንገት ሲሞት፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የሚመክረው እኔን ነበር። ሟቹም እንደ ባለቤቴ ቀጭን እንደነበር ልብ ያለ አልነበረም። ገበሬ ነበር፤ ምሳውን በልቶ ደገፍ ብሎ በተቀመጠበት አለፈ። ልቡ ነው ተባለ። ገና ሃምሳ አልሞላውም ነበር። ይህ የሆነው ኮሮና ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

ባለቤቴ ወንድሙን ቀብሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለ ራሱ አልሰጋም፤ እኔም አልሰጋሁለትም። ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ ይመጣል፣ የቀረበለትን በጥድፊያ ይበላል፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ይጠጣበታል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲነቃ ግንባሩን አልቦት፣ ፊቱ ተኮሳትሮ ነው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ይርበዋል። ማስተማር ያደክማል፣ ድካም ነው እንል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ የሰጣቸውን ጥያቄ እየሠሩ ሳለ፣ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አልሳቁበትም። ደወል እስኪደወል ድረስ ድምፃቸውን አጥፍተው ጠበቁት። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ አቀርቅሮ ነበር። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር አለ። የወንድሙ ሞት ያላንቀሳቀሰውን ሰው፣ የተማሪዎቹ ዝምታ ጤና ጣቢያ ወሰደው።

ጠዋት ባዶ ሆዱን ተለካ። ስኳርህ ደህና ነው ተብሎ ደስ ብሎት መጣ። እንቅልፉ ግን አልተወውም፤ ከሁለት ወር በኋላ አብሬው ሄድኩ። ያን ቀን ያገኘናት ከወሎ ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም ነበረች። የቀድሞውን ውጤት አየችና ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀችው። የወንድሙን ነገር ሲነግራት መጻፏን ትታ አዳመጠችው።

“መምህር፣” አለችው፣ “ባዶ ሆድዎን ደህና ነዎት። እኔ ማየት የምፈልገው ሲበሉ ሰውነትዎ ምን እንደሚያደርግ ነው። ነገ ሁልጊዜ የሚበሉትን ምሳ፣ ምንም ሳይቀንሱ፣ በልተው ይምጡ።”

በማግስቱ ከአንድ ትሪ በላን፤ ሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ ከዚያ ዳቦና ያው ሻይ። ሁለት ሰዓት ቆይተን ጣቱን ተወጋ። ላበረታታው ብዬ እኔንም ትለካኝ አልኩ። የእኔ ደህና ሆነ። የእሱ ከፍ ብሎ ነበር። መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብሎ ሌላ ጣቱን ሰጣት፤ ያው ሆነ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፣ ለራሴ። ወዲያው ፊቱን ሳይ አፈርኩ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። አንድ ዓይነት ምግብ በልተው የሁለት ሰው ሰውነት ለየቅል ሊቀበለው ይችላል። ከምግብ በኋላ ስኳሩም ስቡም ደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ የብዙው ሰው ቶሎ ይወርዳል፣ የአንዳንዱ ግን ከፍ እንዳለ ይቆያል። ይህ በየማዕዱ፣ ለዓመታት ሲደጋገም የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል፤ የልብን የደም ሥሮች ከሚያጠቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ቀጭን መሆን ብቻውን አያድንም። ወንድምዎ በዚህ ሞቱ አላለችውም፤ አሁን ያንን ማወቅ አይቻልም አለች። የደም ግፊቱንና በደሙ ያለውን ቅባት አስለካችው። እኔንም አልማረችኝም፤ አንድ ደህና ውጤት ነፃ እንደማያወጣኝ በትሕትና ነገረችኝ።

ለጊዜው መድኃኒት አላዘዘችለትም። ቀስ ብሎ እንዲበላ፣ ጎመኑንና ምስሩን አስቀድሞ እንጀራውን እንዲያስከትል፣ በልቶ እንዳይቀመጥ ነገረችው። ባጃጁን ትቶ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ጀመረ። እግሩ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ማንኪያው ነው። ያለ እንጀራ ጎመን በማንኪያ ስበላ በሽተኛ የሆንኩ ይመስለኛል ይል ነበር። እኔም ማንኪያ አነሳሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላማረረም።

በዚህ መሀል እናቱ ከጎጆ አንድ ጆንያ ድንች ይዘው መጡ። የሚበላትን ሲያዩ ያስራብኩባቸው መሰላቸው። “ኛዱ” ይሉታል በኦሮምኛ፣ ብላ ማለታቸው ነው፤ ይሉትና እኔን ያዩኛል። ሁለት ቀን ቻልኩት። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ከጎናቸው ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፣ ምርመራውንም፣ ክፍል ውስጥ መተኛቱንም።

“እሱም እንዲህ ነበር፣” አሉ እናቱ፣ የሞተውን ልጃቸውን ማለታቸው ነው። “በልቶ ሲያንቀላፋ እርሻው ያደከመው ይመስለኝ ነበር። ነጠላዬን አልብሼው እወጣ ነበር።”

“ያን ጊዜ ማናችንም አላወቅንም፣ እማዬ፣” አላቸው። “አሁን አውቀናል።”

አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። በማግስቱ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ሳይነሳ በትራቸውን ያዙና በእግር ውሰደኝ አሉት። ከበር ቆሜ አየኋቸው። በየደጃፉ ቆመው የሰውን ሁሉ ጤና ሲጠይቁ፣ እሱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይጠብቃቸዋል። እናትና ልጅ እንዲያ ጎን ለጎን ሲሄዱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከምሳ በኋላ ያለው ልኬት ወረደ። ገና ነው፣ ግን መንገድ ይዟል አለች ሐኪሟ። እሷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች፤ እሱ ግን ክትትሉን አላቋረጠም።

ያለፈው መስቀል ጎጆ ነበርን። የሟቹ ትልቋ ልጅ፣ አሁን እዚያው አስተማሪ ናት፣ አያቷ ወስደዋት ከምሳ በኋላ መለካቷን እየሳቀች ነገረችን፤ ደህና ናት፣ በየዓመቱ ግን ትለካለች። ከተበላ በኋላ አማቴ ማንንም አላስቀመጡም። ብርድ ነበር፤ ጋቢያችንን ደርበን ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የገብስ ማሳ ወጣን። ገብሱ ዛላ አውጥቷል። አማቴ ከፊት ሆነው የትኛው መሬት የማን እንደሆነ በበትራቸው እያሳዩን ይሄዱ ነበር።