ሁለተኛዋ ድንጋይ

አስገብተው በሩን ሲዘጉብኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ልስኑ እንደ ዱቄት ረገፈ። አሸዋው በዝቶበታል፤ ሲሚንቶው መንገድ ላይ ቀርቷል። አራት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ስሸከም የኖርኩ ሴት ነኝና እንዲህ ያለውን በዓይኔ ብቻ አውቀዋለሁ። ሌላው ሰው ሲታሰር ስለ ልጁ፣ ስለ እናቱ ያስባል አሉ። እኔ ይሄን ግድግዳ የለሰነው ማን ነው እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

የያዙኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም ነው፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚሠራ ሕንፃ። ባሬላ ይዘን መወጣጫውን እየወጣን ነበር። ባሬላ ቃሬዛ የመሰለች እንጨት ናት፤ ሁለት ሴት ከፊትና ከኋላ ሆነው ድንጋይና የተቦካ ሲሚንቶ ይሸከሙባታል። ሁለት ፖሊሶች መጡና ስሜን ጠርተው ለአንድ ጥያቄ ትፈለጊያለሽ አሉኝ። ሸክሙን ላውርድ ብዬ አወረድኩ። ከፊት የነበረችው የባሬላ ጓደኛዬ እጀታዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ዞራ አላየችኝም። አልተቀየምኳትም፤ ዞራ ብታየኝ ሁለታችንንም ይወስዱን ነበር።

ይቺ ልጅ ከጉና ሥር የመጣች ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ቢሞላ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ሸክሙ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ጠንካራዋ ከኋላ ትሆናለች፣ የባሬላ ሕግ ነው። ስለዚህ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከኋላ ያለችው ሴት ቀኑን ሙሉ የምታየው የጓደኛዋን ጀርባ ነውና የልጅቷን ጀርባ እንደ ራሴ እጅ አውቀዋለሁ። አንድ ሰኞ ከምሳ በኋላ እንጨቱ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብርድ መስሎኝ ምነው አልኳት። በሦስተኛው ምልልስ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "መጋዘን ገብቼ ነበር" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

መጋዘን የምንላት የሲሚንቶ ከረጢት የሚቀመጥባትን የቆርቆሮ ቤት ነው። ቁልፏ በሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር እጅ ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ ከላይ የተላከብን አይደለም፤ እጃችንን አውጥተን የመረጥነው እኛው ነን። አንደበቱ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። መብታችሁን የማስከብረው እኔ ነኝ ሲል ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በማግስቱ ማን ሥራ እንደሚገባ፣ ቀላሉ ሥራ ለማን እንደሚደርስ ዝርዝሩን የሚይዘው እሱ ሆነ። ወንዶቹን በር ላይ ቆሞ ይመዘግባል። ሴቶቹን መጋዘን ውስጥ አንድ በአንድ። እምቢ ያለች በማግስቱ ስሟ አይጠራም፤ ከተጠራም ላይኛው ፎቅ ድንጋይ ነው የሚደርሳት። በጉን ለጅብ አደራ ሰጥተን ኖሯል።

እኔንም በመጀመሪያው ዓመት ሞክሮኛል። እጁን ደረቴ ላይ ሲያሳርፍ አካፋ ይዤ ስለነበር ተወኝ። ክረምቱን ሙሉ ላይኛው ፎቅ ድንጋይ አመላለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ልጅቷ መጋዘን የገባችው እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ሰው ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ይለኛል፣ እኔ ግን የማውቀው ይሄንን ነው።

አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁና ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ሴቶች ፈረሙ፤ ግማሾቹ በአውራ ጣት። የልጅቷን ስም አላነሳሁም። ወስጄ ለሚመለከተው ቢሮ ሰጠሁ፤ በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ተገኘ። በዚያ ሰሞን ሦስት ሰው አብሮ ከቆመ እንደ ስብሰባ ይቆጠር ነበር። ሴቶች አሰባስባ ሥራ ልታስቆም ነው፣ ከኋላዋ ሌላ ሰው አለ ብሎ ሊቀመንበሩ ለፖሊስ አመለከተ። በቃ። መርማሪው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማን ላከሽ። ማንም አልላከኝም ስለው ይጽፋል፤ በማግስቱ ያንኑ ይጠይቀኛል። እኔን አልመታኝም፤ የሚመታው ጠረጴዛውን ነው። ስለ መጋዘኑ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ክፍሉ ውስጥ አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ አምስት እንሆናለን፤ አብዛኛውን ቀን ግን ሁለት ነን፣ እኔና አንዲት አሮጊት። ጫካ ለገባ ልጅሽ ስንቅ ልከሻል ተብለው ነው የታሰሩት። እማማ እላቸዋለሁ። መቁጠሪያቸውን ስለወሰዱባቸው በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ይጸልያሉ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ በአንድ ጋቢ እንተኛለን። የሽንት ባልዲው ሽታ በሁለተኛው ቀን ጠፋኝ። ረሃቡም፣ ቁጣውም አብሮ ጠፋ። አላለቀስኩም። ሰውነቴን እንደተዋስኩት ዕቃ አስቀምጬው ነበር።

እናቴ በየቀኑ ምሳ ታመጣለች። ጠባቂው ወጡን በእንጨት ያማስልና ያስገባልኛል። በአሥራ አራተኛው ቀን ግን የሽቦ አጥሩ አጠገብ እንድታናግረኝ ፈቀዱላት። ነገሩ ሽማግሌ እጅ ገብቷል አለችኝ። ሊቀመንበሩንም ፖሊሶቹንም የለመኑት የክርስትና አባቴ ናቸው፤ ፖሊሶቹም በሽምግልና ካለቀ ፋይሉን እንዘጋዋለን ብለዋል።

"ነገ ድንጋይ ተሸከሚና ይቅር በለኝ በዪው" አለች እናቴ። "ለእራት ቤትሽ ነሽ። ልጅሽ እማዬ ካልመጣች ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ተቀምጣለች።"

"ዋሽቼ ነው ልበል?"

"በዪ። ምን ይቀርብሻል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የተበደለው ፊት ይወድቃል። ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ፤ ደም ያደርቃል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ለወንድሙ ጥፋት ተሸክሞ አይቻለሁ። ተበዳዩ ድንጋዩን በገዛ እጁ ሲያወርድለት ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። እኔም ሕፃን ሆኜ አልቅሻለሁ።

ከሰዓት በኋላ እማማን ጠየቅኋቸው። አንቱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር አልኳቸው። ጣታቸውን መቁጠር አላቆሙም።

"እኔማ እሸከም ነበር" አሉኝ። "ልጅ አለሽ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልሸከም ወስኜ ነው በማግስቱ የወጣሁት። እንዲህ አልኩ ለራሴ፤ አራት ዓመት ተሸክመሽ የለም እንዴ፣ አንድ ድንጋይ ምን ይጨምርብሻል።

ሽማግሌዎቹ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከጥዱ ሥር በአንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሦስት ናቸው፣ የክርስትና አባቴ መሀል። መሬቱ ስላልተስተካከለ አግዳሚው አንድ እግሩ አየር ላይ ነው። የክርስትና አባቴ ወደ ፊት ባሉ ቁጥር ያዘነብልና ሁለቱ ጫፉን ያዝ ያደርጋሉ፤ ወደ ኋላ ሲሉ ደግሞ ቋ ብሎ ይመለሳል። ሊቀመንበሩ ነጭ ጋቢ ለብሶ በወንበር ተቀምጧል። ከመቀመጫው ተነስቶ ሰላም አለኝ። ልጄን በስሟ ጠርቶ ደህና ናት ወይ አለኝ። እንዴት ስሟን እንዳወቀ አላውቅም።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው የክርስትና አባቴ ጀመሩ፤ ግን ከሥሩ አልጀመሩም። የጀመሩት ከማመልከቻው ነው። የሰው ስም ማጥፋት ከመግደል እኩል ነው አሉ። ይኼ ሰው የእኛው ልጅ ነው፣ አንቺም የእኛው ልጅ ነሽ፣ ሴት ልጅ በቁጣ ብዙ ትናገራለች አሉ። መጋዘን የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር፤ ድንጋዩን ፍለጋ። አገኘሁት። ግን ሁለት ነበሩ። አንዱ የዳቦ ያህል፣ ሌላዋ ጠፍጠፍ ያለች፣ በአንድ እጅ የምትነሳ።

ሁለት ለምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁ።

የክርስትና አባቴ መልስ ሊሰጡ ሲሉ ሊቀመንበሩ ቀደማቸው። ድምፁ ለስላሳ ነበር። እኔ ቂም አልይዝም፣ አንቺን ይቅር ብያለሁ፤ ነገር ግን ወሬው የወጣው ከባሬላ ጓደኛሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ሰው ልከንባታል፣ ነገ እሷም መጥታ ትሸከማለች አለ። በሁለት ሴት አፍ የጠፋ ስም በአንድ ሴት አፍ አይመለስም አለ።

"ለልጅቷ ትንሿን መረጥንላት" አሉ የክርስትና አባቴ። "አቅም የላትም ብለን።"

ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልተሰማኝ ነገር ተሰማኝ። ንዴት አልነበረም። እጄ ላይ ነው የተሰማኝ፣ ያ የእንጨት መንቀጥቀጥ። ልጅቷ ያቺን ድንጋይ አንገቷ ላይ አድርጋ እሱ እግር ሥር ስትወድቅ ታየኝ። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ በዚያው እጁ፣ ሲያወርድላት። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ አሳልፌ ሰጥቻታለሁ፤ አሁን ደግሞ አፌን ከፍቼ ልሰጣት ነው።

ሄጄ ትንሿን ድንጋይ አነሳሁ። ሊቀመንበሩ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ። እኔ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩና ተንበረከክሁ። ግንበኛ ትልቁ ድንጋይ እንዳይወዛወዝ ከሥሩ ትንሽ ድንጋይ ይወትፋል፤ ስንት ሺህ ጊዜ አቀብዬ አይቻለሁ። አየር ላይ ያለውን የአግዳሚውን እግር ቀና አድርጌ ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ከሥሩ ወተፍኳት። በቡጢዬ ሁለቴ መታ መታ አደረግኋት፤ ገጠመች።

"አባባ፣ አሁን ደገፍ ብለው ይቀመጡ፤ አይወዛወዝም" አልኳቸው። "እኔ ድንጋይ የምሸከመው ለግንብ ነው። የዋሸሁት ነገር የለም፤ ልጅቷም የዋሸችው የለም።"

የኔን ድንጋይ እዚያው ተውኩት። ተነስቼ ወደ ጠባቂው ሄጄ ቆምኩ።

"አያችሁ ንቀቷን" አለ ሊቀመንበሩ።

የክርስትና አባቴ መዳፋቸውን አግዳሚው ላይ አድርገው ወደ ፊት ጫን አሉት፣ ወደ ኋላ ጫን አሉት። አልተነቃነቀም። ዘንጋቸውን አነሱና፣ ለሁለቱ ሽማግሌዎች፣ "ተነሱ፤ ይሄ የሚታረቅ ነገር አይደለም" አሏቸው። ወደ ሊቀመንበሩም ወደ እኔም ሳያዩ ወጡ። በማግስቱ ልጅቷን የጠራት ሽማግሌ የለም፤ ጠሪ ስለሌለም አልመጣችም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ እማማ ተሸከምሽ ወይ አሉኝ። አልተሸከምኩም አልኳቸው። ፈቀቅ ብለው እሳቸው ያሞቁትን ቦታ ለቀቁልኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

እናቴ ተቀይማኝ ሦስት ቀን አልመጣችም። በአራተኛው መጣች። ፋይሉ ሳይዘጋ፣ ፍርድ ቤትም ሳልቀርብ፣ ሃያ ስድስት ቀን ጨመርኩ። አንድ ረቡዕ ዕለት ሂጂ አሉኝ። ለምን እንደገባሁ የሚል ወረቀት አልነበረም፤ ለምን እንደወጣሁ የሚልም የለም። እማማን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ፤ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

የያዙብኝን መታወቂያ ልወስድ ከወር በኋላ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ተራ ጠብቂ አሉኝና ጥዱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድንጋይዋ እዚያው ናት፤ ማንም አላወጣትም። ላወጣት ፈለግሁና መልሼ ተውኳት። ብዙ ሰው እየተቀመጠበት ነበር።

ያ ሕንፃ አልቋል፤ መስታወቱ ከሩቅ ያበራል። ሊቀመንበሩም ከፍ ብሏል፣ አሁን ቢሮ አለው ይላሉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው፤ እኔ አልመልስም። አሸነፍን አልልም። ያሸነፈ ሰው እንዲህ አይደክመውም መሰለኝ። ልጄ ግን ትምህርቷን ቀጥላለች፣ ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች።

እኔ አሁን የምሠራው ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ያው ሥራ። ልጅቷ በታሰርኩበት ሰሞን ጉና ወላጆቿ ዘንድ ገብታ ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከፊቴ ቆመች። ስለ መጋዘኑ አላነሳችም፣ ስለ ድንጋዩም አላነሳችም፤ እስከ ዛሬም አውርተነው አናውቅም። ባሬላው ሲሞላ እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ስሄድ እጄን ያዘችኝ።

"ዛሬ እኔ ከኋላ ልሁን" አለችኝ።

ይከብድሻል አልኳት። ይክበደኝ አለች። ወደ ፊት አለፍኩ። ከፊቴ የማንም ጀርባ አልነበረም፤ መወጣጫው ብቻ። አነሳንና ሽቅብ ጀመርን። እጄን አዳመጥኩ፤ እንጨቱ አልተንቀጠቀጠም።