ጉድፍ የመሰለው ኮከብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ጉድፍ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። የገጹ ምስል ያረፈበትን የኅትመት ፊልም ከሥሩ በሚበራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ አቧራውንም ጭረቱንም በቀጭን ብሩሽ ይደፍናል። ምሕረት የሚባል ነገር ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «አይምሬ» ይሉታል። ባለፈው ወር ግን አንዲት ፀጉር አምልጣው የቀን መቁጠሪያ ላይ ታተመች።

«ጋሼ፣ ዓይንህ ደክሟል» አለው አለቃው ጠርቶ። «ሌላ ስህተት ካየሁ በር ጥበቃ ነው የምመድብህ።»

እስቲ ፍረዱ፣ ለአንዲት ፀጉር! ከዚያ ወዲህ በአይምሬ ዓይን እንቅልፍ አልዞረም።

የአንድ የሳይንስ መጽሐፍ ፊልም የደረሰው በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለ ነው። አንዱ ገጽ ላይ፣ ጥቁር ሰማይ መሐል ቀለበት የመሰለ ነገር አለ፤ ውስጡ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቀላ ያለ። እምብርቱ ላይ መርፌ የወጋው የሚያህል ነጭ ነጥብ።  «መጣሽልኝ!» ብሎ ደፈናት።

በማግስቱ ማሽኑ ማተም እንደጀመረ መጽሐፉን የጻፈችው መምህርት መጣች። አንድ ገጽ አነሳችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ኮከቡስ?»

«የቱ ኮከብ?» አለ አለቃው።

«መሐል ላይ ያለው ነዋ! ቀለበቱ ፕላኔታዊ ኔቡላ ይባል እንጂ ከፕላኔት ጋር አይገናኝም። የድሮ ሰዎች በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲያዩት እንደ ፕላኔት ክብ ሆኖባቸው ነው ስሙን ያወጡለት። የሚሞት ኮከብ ከላዩ ያራገፈው ጋዝ ነው። ነጥቡ ከኮከቡ የተረፈው ነው፤ ጋዙ የሚያበራውም በእሱ ነው።»

«ፊልሙን እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ነጥብ የሚባል አልነበረበትም» ብሎ ድርቅ አለ አለቃው። «ስትልኪው ተሳስተሽ ይሆናል።»

መምህርቷ አመነታች። «ይሆን እንዴ?» አለች።

አይምሬ ከማሽኑ ጎን ቆሞ ይሰማ ነበር። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ግን ባላጠፋችው ጥፋት አንገቷን ስትደፋ አንጀቱ አልቻለም።

«ነበረ» አለ። «ጉድፍ መስሎኝ እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

«አላልኩም? ዓይንህ አያይም!»

«እንዴት አያይም? ሳላየው በምን ደፈንኩት?»

አለቃው መምህርቷ የላከችውን ዋና ፎቶ ከፖስታው አወጣ፤ አቀረበው፣ አራቀው፣ መነጽሩን አደረገ።

«የታል?» አለ።

አይምሬ ጠጋ ብሎ፣ ጣቱን ያለ ማመንታት ነጥቧ አጠገብ አሳረፈ። አለቃው መነጽሩን አወለቀ።

«ማሽኑን አቁሙ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፊልሙን ጋሼ ያስተካክለዋል።»