ለሰው በዓል የሚጠራ ቡድን

ኮች ሃርላን ቡክማየር ጠዋት ጠዋት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ተማሪ ፊት እንቁራሪት ይሰነጥቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ፉትቦል የሚሉትን የሞላላ ኳስ ጨዋታ ያሰለጥናሉ። ሁለቱንም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። አዮዋ ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ መሃል በተቀመጠው ካልደር ኮሌጅ ግን ስማቸው የሚነሳው በእንቁራሪቱ ነው፤ በኳሱ የሚነሳ ነገር አልነበረማ። ከቢሯቸው በር አጠገብ የቆመው የዋንጫ ቁም ሳጥን መስተዋቱ በየሳምንቱ ይወለወላል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፣ ከግንባር የተመለሱት ወታደሮች በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ ሲገቡ፣ ቡድኑ ጢም አወጣ። አምበሉ ኦርቪል ቴስኬ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ቆስሎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ የመጣ። ኮች «ሩጥ» ሲሉት ይሮጣል፤ መጀመሪያ ግን ሲጋራውን ይጨርሳል።

ጢሙም አላዳናቸው። ሠላሳ አራት ለዜሮ፣ ሃያ ሰባት ለስድስት፣ አርባ አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። የሚገርመው በየሄዱበት የሚጠብቃቸው አቀባበል ነው። ከተማው በወረቀት አበባ አጊጦ፣ ማርሽ ባንድ ተሰልፎ፣ አፕል ፓይ ተጋግሮ ይቆያቸዋል። ሁልጊዜ የሚደርሱት ኮሌጁ የድሮ ተማሪዎቹን በሚጠራበት ዓመታዊ በዓል ላይ ነው። አንዴ ሁለቴ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባላል። አምስተኛው ላይ ኦርቪል አውቶቡሱ ውስጥ መጥቶ ከኮች ጎን ተቀመጠ።

«ኮች፣ እኛ በሄድንበት ሁሉ ድግስ ነው እንዴ?»

«ሰው ይወደናል፣ ልጄ።»

«በግም እኮ በበዓል ይወደዳል።»

ከኋላ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ኮች አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እውነቱን ተናገሩ። በየዓመቱ በረዶ ሲገባ፣ በበዓላችሁ ቀን ብንመጣ ደስ ይለናል እያሉ ለየኮሌጁ ደብዳቤ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ከሩቅ የመጣ የድሮ ተማሪ ቡድኑ ሲሸነፍ ማየት አይፈልግም፤ ካልደርን የጠራ ደግሞ ሐሳብ የለበትም። የካልደር ዲንም ተጋጣሚ ካጣችሁ ቡድኑን እዘጋለሁ ብለዋቸዋል።

«ታዲያ እንድንሸነፍ ነው የሚፈልጉት?»

«ተሸነፉ ብዬ አላውቅም።» ኮች አፍረው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እንዲህ ማለትም አስፈልጎኝ አያውቅም።»

የመጨረሻው ጨዋታ ሆልስተድ ኮሌጅ ላይ ነበር፤ እዚያም በዓል። ዝናቡ ሜዳውን አቡክቶታል። የሆልስተድ ፈጣን ልጆች መቆሚያ አጡ፤ ሁለት ዓመት ጭቃ ውስጥ የተኙት የካልደር ወታደሮች ግን ቤታቸው የገቡ መሰሉ። ሰባት ለስድስት እየተመሩ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው፣ ኳሷ ከሆልስተድ የግብ መስመር ሦስት ያርድ ላይ ደረሰች።

ኦርቪል ወደ ዳር ዞሮ ጮኸ፦ «ኮች! የሚመጣው ዓመትስ?»

ምን እንደሚጠይቃቸው ገብቷቸዋል። አሰልጣኝ ከዳር ሆኖ መምከር በዚያን ጊዜው ሕግ ክልክል ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሕግ ጥሰው አያውቁም። ካሸነፉ ለበዓል የሚጠራቸው እንደማይኖር፣ ቡድኑ ከተዘጋም ከእንቁራሪቶቹ ጋር ብቻቸውን እንደሚቀሩ ያውቃሉ። ግን አማራቸው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ማሸነፍ አማራቸው።

«የሚመጣው ዓመት ገደል ይግባ! ግፋ!»

ዳኛው ሰምቷል፤ ግን አፍንጫውን ለመናፈጥ ዞር አለ። ኦርቪል ኳሷን ሆዱ ላይ አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። የወደቁበት አራት ሰዎች ሲነሱለት ኳሷ ከመስመሩ ማዶ ነበረች። ስድስት ነጥብ ተጨመረላቸውና አሥራ ሁለት ለሰባት አለቀ።

ማርሽ ባንዱ ምን እንደሚጫወት ግራ ገባው። የሆልስተድ ዲን ኮችን በጣታቸው ጫፍ ጨብጠው «እንግዳ እንዲህ ያደርጋል?» አሏቸው። አፕል ፓዩም ሳይወጣ ቀረ። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ደረቅ ብስኩት እየቆረጠሙ ዘፈኑ፤ ኮች አለቀሱ፣ እንባቸውንም አልደበቁም።

በረዶው ሲገባ እንደ ልማዳቸው ስምንት ደብዳቤ ጻፉ። ስምንት መልስ መጣ። አንዱ ፕሮግራማችን ሞልቷል ይላል፣ ሌላው ሌላ እንግዳ ጠርተናል ይላል፤ ሁሉም እጅግ ትሁት ነው። የካልደር ዲንም እንዳሉት ቡድኑን ዘጉ። ሜዳው ላይ በቆሎ ተዘራበት።

ኦርቪል ነገሩን ሰምቶ ሊያጽናናቸው ሲመጣ፣ ኮች የዋንጫውን ቁም ሳጥን ከፍተው ስምንቱን ደብዳቤዎች በተርታ እያቆሙ አገኛቸው።

«ኮች፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ጠጋ ብለህ አንብበው» አሉት፣ መስተዋቱን በእጅጌያቸው እየወለወሉ። «ስምንት ኮሌጅ ፈርቶናል።»