ሙሽራዋ ያስነጠሰችበት ፊልም

ነስረዲንን መሳለሚያ ላይ የማያውቀው የለም፤ ሁሉም ግን የሚያውቀው በየዘመኑ ነው። የዛሬ ልጆች የስልክ ቻርጀርና ሽፋን ሻጭ ነው ይላሉ። የኔ ዕድሜ ያለው ሰው «ነስሩ ቪዲዮ» ይለዋል። ሦስት ሰው በቅጡ በማታስቆም ሱቁ የአማርኛ ፊልም ያከራይ ነበር፤ እያባዛም ይሸጥ ነበር። አገሩ ሁሉ የህንድና የአሜሪካን ፊልም ሲያሳድድ እሱ «የራሳችን እያለ ምን ሆናችሁ» እያለ ደንበኛ ይቆጣል። የሚወዳቸውን ዐሥር የአማርኛ ፊልሞች በእጁ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና በየወሩ ቦታ ያቀያይራቸዋል። ከአንደኛነት ወርዶ የማያውቀው ግን «የእህል በረንዳዋ ሙሽራ» የሚባለው ነበር።

እኔ ባይነሽ እባላለሁ። በርበሬ በረንዳ በርበሬ እሸጣለሁ፤ ከነስረዲን ጋር በአንድ ግቢ ሃያ አራት ዓመት ኖረናል። ፊልም አልወድም። ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ ይቆዩና መጨረሻ ላይ አንዷ ትታመማለች። ይህን ለማየት ሁለት ሰዓት መቀመጥ አይገባኝም፤ በሽታ እንደሆነ በየቤቱ ሞልቷል። ያን አንዱን ፊልም ግን አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም አለሁበት። ነበርኩበት ብል ይሻላል።

በ1996 ዓ.ም. ጋሽ ኃይለመለኮት የሚባሉ ሰው ካሜራ ይዘው በርበሬ በረንዳ መጡ። ፊልማቸው የአንድ እህል ነጋዴ ልጅ በሠርጓ ቀን ከነቬሎዋ ከመኪና ወርዳ ስለመጥፋቷ ነው፤ ጠፍታ የምትገባው ደግሞ እኛ ዘንድ ነው። ረዳታቸው ካሜራውን እንዳናይ፣ እንደወትሮው እንድንገበያይ አስጠነቀቀን። የነስረዲን ሚስት ሁሪያ ያን ዕለት እኔ ጋ ቆማ ዛላ ትመርጥ ነበር። ሙሽራይቱ ነጭ በነጭ ሆና እየሮጠች መጣችና አጠገባችን ስትደርስ ማስነጠስ ያዛት። ይሄ ድርሰት አይደለም፤ እኛ ለምደነው ነው እንጂ እንግዳ ሰው እዚያ ቦታ አፍንጫው አይችለውም። ደጋግማ አስነጠሰች። ሁሪያ ዞር ብላ አየቻት። አትዩ የተባለውን ካሜራም አየችው። ከዚያ በሻርፗ አፏን ይዛ ወደኔ ጎንበስ አለችና አንድ ነገር ብላኝ ሳቀች። ሁሪያ ስትስቅ ትከሻዋም ሆዷም አብሮ ነው የሚስቀው። እኔም ሚዛኔን እንደያዝኩ አብሬያት ሳቅሁ።

ይደገማል ብለን ስንጠብቅ አልተደገመም፤ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ገባ። ነስረዲን ሲኒማ ቤት ድረስ አምስት ጊዜ ወስዶ አሳያት። የግቢያችን ሰው «አክትረሷ» ይላት ጀመር፤ እሷም ውኃ ለመቅዳት ሰልፍ ስትይዝ «አክትረስ ይቀድማል» እያለች ታስቀን ነበር።

ሁሪያ በ2006 በኩላሊት ሞተች። ልጇ ሂዳያ አምስት ዓመቷ ነበር። ፎቶ አለ፤ ግን የሠርጉ ፎቶ ላይ እንደ ሙሽራ ደንብ አንገቷን ደፍታለች፣ የመታወቂያው ፎቶ ደግሞ ያው የመታወቂያ ነው። የያኔው ስልካችን ቪዲዮ አያነሳም። ስለዚህ ሂዳያ እናቷ ስትራመድ፣ ስታወራ፣ ስትስቅ ምን ትመስል እንደነበር አታውቅም። ነስረዲንም አይነግራትም። ሚስቱን ከቀበረ በኋላ የፊልሞቹን ዝርዝር ከግድግዳው አነሳ፤ ስሟን ሲጠራ የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። እኛም የግቢው ሰዎች እሱን ፈርተን ፊልሙን አንስተን አናውቅም። ካሴት የሚከራይ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር ካሴቶቹንም ከነመደርደሪያቸው ቆራሌው ወሰዳቸው።

ባለፈው ክረምት ሂዳያ ዐሥራ ሰባት ሞላት። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ፣ ስልኳ ላይ ሰው ሁሉ ከሀገሩ ፊልም የሚወደውን ሲናገር አይታ ኖሮ፣ አባቷን አንተስ የቱን ነው የምትወደው ብላ ጠየቀችው። እሱ ቀና እንኳ ሳይል መለሰላት።

«የእህል በረንዳዋን ሙሽራ ነዋ። እናትሽ ያለችበትን።»

ልጅቱ ጉርሻዋን ትታ እኔ ክፍል እየሮጠች መጣች። እትዬ ባይነሽ፣ እውነት እናቴ ፊልም ላይ አለች ወይ አለችኝ። እውነት ነው፣ እኔም አለሁ፣ አጠገቧ ነኝ አልኳት። ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ማን ዝም ይላል? ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሂዳያ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ድምጿ ይሰማል? ቀጭን ነው ወፍራም? እኔን ትመስላለች? እኔም ቆይ ታዪዋለሽ፣ ስትስቅ ታያታለሽ እላት ነበር።

ነስረዲን ከሱቁ ጎን ስልክ የሚጠግነውን ፉርቃንን እንዲፈልግለት ለመነው። ፉርቃን ሁለት ቀን ሳይሞላው ዩቲዩብ ላይ አገኘውና ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንንም ጠራን። እኔ በርበሬዬን ሸፍኜ፣ እጄን ታጥቤ፣ ነጠላ ቀይሬ ሄድኩ። ሂዳያ አዲስ ሻርፕ ለብሳለች። ነስረዲን ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋልና አሁን ከመኪና ትወርዳለች፣ አሁን ጫማዋን ታወልቃለች፣ አሁን ወደነባይነሽ ትገባለች እያለ ይነግረናል። ሙሽራይቱ ወደኛ በረንዳ ታጠፈች። በስክሪኑ ጠርዝ አንድ ክርንና የሚዛን ሳህን ታየ። የኔ ክርን ነው። ወዲያው ጥቁር ነገር ብልጭ አለና ሙሽራይቱ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ታስነጥሳለች።

ፉርቃን ወደኋላ መለሰው። ያው ነው። ከሥሩ ከጻፉት ሰዎች አንዱ «ምስኪን፣ በሠርጓ ቀን ጉንፋን ያዛት» ብሏል።

ነስረዲን እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። የሰው ሥራ ቆርጦ የሚጭን ሌባ ነው፣ ህሊና የሌለው ነው፣ ፊልም ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው እያለ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ሰው ሲረግም ዋለ። ለሂዳያ ግን አትጨነቂ አላት። ሙሉው አንድ ቦታ አይጠፋም፣ እንኳን ይሄ ፊልም ሌላውም አለ አላት።

ኮምቦልቻ የድሮ ደንበኛ ነበረው፤ ሰውየው ሲዲውን ፈልጎ በአውቶቡስ ላከለት። ሂዳያ መናኸሪያ ሄዳ የተቀበለችው ራሷ ናት። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ያው ክርኔ፣ ያው ብልጭታ፣ ያው አውቶቡስ። ከጅማ ሌላ መጣ፤ እሱም ያው። ያኔ እኔ ጠረጠርኩ። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱን ፊልም አንድ ቦታ ላይ እንዴት ይቆርጡታል? ግን ስለ ፊልም ምን አውቃለሁ ብዬ አፌን ያዝኩ።

በመጨረሻ እትዬ ሠርኬ ትዝ አሉኝ። መሳለሚያ ከአደባባዩ ጀርባ የሚኖሩ፣ የተሰበረ ስኒ እንኳ የማይጥሉ አሮጊት ናቸው። ካሴቱም ማጫወቻውም እስከ ዛሬ አላቸው፤ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እሑድ ከሰዓት ነስረዲን፣ ሂዳያና እኔ ሄድን። ካሴቱ ሲጀምር፣ ከፊልሙ ርዕስ በፊት፣ በቢጫ ፊደል «ነስሩ ቪዲዮ፣ መሳለሚያ» የሚል ከነስልክ ቁጥሩ ወጣ። ነስረዲን በደስታ ከመቀመጫው ብድግ አለ። የኔ ነው፣ ከኔ እጅ የወጣ ነው፣ ይሄማ ጥርት ያለ ነው አለ። ሂዳያ እጄን ያዘችኝ።

ጫማዋን አወለቀች። ታጠፈች። ክርኔ መጣ። ብልጭ አለ። አውቶቡስ።

ወደ ነስረዲን ዞር አልኩ። አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያቸዋል። እትዬ ሠርኬ ምን ሆነ ቢሉት አልሰማቸውም።

መንገድ ላይ ሂዳያን አስቀድመን ነገረኝ። የፊልሙን ዋና ካሴት ያኔ ለአንድ ቀን የተዋሰው ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ከሚሠራ ሰው በድብቅ ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ይፈጃል። መርካቶ ላይ በርካሹ የሚገኘው ባዶ ካሴት ደግሞ የሁለት ሰዓት ነው። የሦስት ሰዓቱ ውድ ስለሆነ የሚያባዛ ሰው ሁሉ ከፊልሙ ላይ ይቀንሳል፤ ሁለት ማጫወቻ አገናኝቶ፣ የማያስፈልግ ቦታ ሲደርስ መቅጃውን ያቆምና ሲያልፍ መልሶ ይለቀዋል። መኪና ሲነዳ ይቆረጣል፣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ይቆረጣል። ነስረዲን ከዚህ ፊልም የቆረጠው የበርበሬ በረንዳውን ነው። ገበያ ለመርካቶ ሰው ምን ይሠራለታል፣ ወጥቶ አያየውም ወይ ብሎ። ከዚያች አንድ ካሴት ነው ኮምቦልቻም ጅማም የሄደው፤ ከካሴቱ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲው ወደ ዩቲዩብ።

«ሁሪያስ?» አልኩት። ተናድጄ ነበር። «እሷስ አልታየችህም?»

«ጓዳ ነበረችኮ፣ ባይነሽ። ሽንኩርት እየከተፈች። ሁሪያ፣ ልቆርጥሽ ነው ስላት፣ ቁረጠኝ፣ እኔ እንደሆነ እዚሁ ነኝ አለች።» ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ «ረስቼው ነበር፤ ወላሂ ረስቼው ነበር» አለ። አመንኩት። ሲኒማ ቤት አምስት ጊዜ ያየውን ነበር ልቡ የያዘው፤ እጁ የሠራውን አልያዘም።

አንድ ቦታ ቀርቶን ነበር፤ ጋሽ ኃይለመለኮት። አሁን አርጅተዋል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔንና ነስረዲንን በአክብሮት ተቀብለው አስቀመጡን። ነስረዲን የመጣበትን ሲነግራቸው ከትከሻዬ አንድ ነገር የወረደ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ሰውየው ፈገግ ብለው ያን ቦታ እሳቸውም ከፊልሙ ሁሉ አብልጠው እንደሚወዱት ነገሩን። ሴትየዋ ካሜራውን ስታይ ረዳታቸው ይደገም ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ተከፍሎትም አይገኝም ብለው እምቢ አሉት።

ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። ፊልሙ በሦስተኛው ሳምንት ሲኒማ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ካሴቱ በየቤቱ ገብቷላ። ካሜራቸውን ሲሸጡ የተቀረጹትን ካሴቶች ሁሉ አብረው ለአንድ የሠርግ ቀራጭ ሰጡ። ሰውየውም ሠርግ ቀረጸባቸው። ዋናውም አብሮ ሄደ። ሲኒማ ቤቱም ፈርሷል። ሌላ የለም።

ነስረዲን ካሴቱን ያባዛሁት እኔ ነኝ አላቸው። መናገር አልነበረበትም፤ ግን ተናገረ።

«አውቃለሁ» አሉት ጋሽ ኃይለመለኮት። «ቁጥርህን ጽፈህበት ነበርኮ። ልሰድብህ ደውዬ ነበር። ሴት አነሳችው። ምሳ እየበላ ነው፣ ልጥራልዎት ወይ አለችኝ። አነጋገሯ ደስ ሲለኝ ጊዜ ተውኩት።»

ስንወጣ ነስረዲን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም ቆሜ ጠበቅሁት። ልቤ ውስጥ ንዴቱ እንዳለ ነበር፤ እዝነቱም እንዳለ ነበር።

ለሂዳያ ራሱ ነገራት። አልጮኸችበትም። ጥሩ ነው፣ አባ፣ አለችና ሳህን አነሳች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ይነጋገራሉ፤ ዳቦ አለ ወይ፣ በሩን ዘግተሃል ወይ ነው ንግግራቸው። እሱ አሁን ስለ ፊልም የሚጠይቀው ሰው ቢመጣ ቻርጀር ነው የምሸጠው ይላል።

በቀደም ሂዳያ በርበሬ በረንዳ መጣች። እንግዳ ናትና ገና ስትገባ ማስነጠስ ያዛት። ዛላው አጠገብ፣ እናቷ ቆማበት በነበረው ቦታ ቆመች፤ እሷ ግን አላወቀችም። ስልኳን አውጥታ ፊልሙን ክርኔ ላይ አቁማ አሳየችኝ።

«እትዬ ባይነሽ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት?»

እኔ ነኝ አልኳት። ከእኔ ቀጥሎ፣ ያልደረሰው ቦታ ላይ፣ እናትሽ አለች አልኳት። ያኔ ምን ብላኝ እንደሳቀች ጠየቀችኝ። አላስታውስም። ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ፤ አይመጣልኝም። ስለ ሙሽራይቱ ነው፣ ምስኪን ባሏ አለች አልኳት፤ ከራሴ ፈጥሬ።

«እስቲ እንደሷ ይሳቁልኝ» አለች።

ሳቅሁላት። ዐሥራ ሁለት ዓመት አጠገቤ የሰማሁትን ሳቅ ፈልጌ የወጣልኝ የራሴ ነው፤ ደረቅ፣ የነጋዴ ሳቅ። ልጅቱ ዐይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው።

«እንዲህ ነበር?» አለችኝ።

እንዲህ ነበር አልኳት። እንዲህ አልነበረም።