ለእንግዳ የተቀመጠ ጆሮ

አባቴ ጆሯቸውን ለእንግዳ ነበር የሚያስቀምጡት። እውነቴን ነው! ዳላስ ከመጡ በኋላ ሐኪም ያዘዘላቸው መስሚያ በነጭ መሐረብ ተጠቅልላ፣ ካሮልተን ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ትቀመጣለች። እሁድ ቸርች ስንሄድ ትደረጋለች። ሰው ሊጠይቀን ሲመጣም ትደረጋለች። እንግዳው ገና መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ አባቴ በመስኮት አይተው መሐረባቸውን መፍታት ይጀምራሉ። እንግዳው ሲወጣ መስሚያዋም ወጥታ ወደ መሐረቧ ትመለሳለች። ከእኛ ጋር የሚውሉት በባዶ ጆሯቸው ነው።

«አባባ፣ ኧረ ያድርጉት!» ብዬ ስጮህ፣ «ባትሪው በከንቱ ለምን ይለቅ? ቤት ውስጥ ምን የሚሰማ አለ?» ይሉኛል።

ምን የሚሰማ አለ! ከሥራ ገብቼ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምለፈልፈው ለግድግዳው ነው እንግዲህ? ንድድ ይለኛል። ግን ምን ልበላቸው? እሳቸው ባሳደጉን ቤት እኛ በላስቲክ ኩባያ እየጠጣን ጥሩ ጥሩው ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ እንግዳ ይጠብቅ ነበር። እኔም ብሆን የገዛሁት ብርድ ልብስ እስካሁን ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ይኸው፣ የአባቴ ልጅ ነኝ።

ነገሩ የከበዳት ልጄ ናት። እዚህ የተወለደች ስለሆነች አማርኛዋ አንተንና አንቱን ይደባልቃል፤ አያቷን ግን ነፍሷ እስኪወጣ ትወዳቸዋለች። ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስታወራላቸው፣ ከንፈሯን እያዩ «እሰይ! ተባረኪ!» ይሏታል። አንድ ቀን የልብ ጓደኛዋ ወደ ሌላ ስቴት ልትሄድባት መሆኑን ልትነግራቸው መጣች። አንገቷን ደፍታ ስለነበር ፊቷ አይታያቸውም። «እሰይ! ተባረኪ የኔ እመቤት!» አሏት። ልጄ ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ ግንባራቸውን ስማ ታልፋለች እንጂ ማውራቱን ተወችው። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ ፎርት ወርዝ ኮሌጅ ልትገባ ነው። በአንድ ጣራ ሥር ኖረው ሳይነጋገሩ ሊለያዩ ነው።

የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። አንድ ቀን የአንዲት አዛውንት እናት እግር ቅባት ስቀባ፣ አለቃዬ «ስኪምፕ አታድርጊ» አለችኝ። ቅባቱን አታባክኚ ያለችኝ መስሎኝ ጭራሽ ቀነስኩ፤ ሳቀችብኝ። ማታ እንግዳ ሸኝተን ወደ ሳሎን እንደተመለስን ልጄን ጠየቅኋት።

«ስኪምፕ ማለት መቆጠብ አይደል እንዴ?»

«ኖ ማሚ። መቆጠብ ጥሩ ነው። ስኪምፕ ማለት፣ ላይክ፣ ብዙ የሚፈልግ ነገር አለ፣ አንቺ ግን ትንሽ ትሰጪዋለሽ።» ምሳሌ ፈልጋ ትንሽ አሰበች። «ላይክ አባባ። እንግዳ ሲመጣ ጆሮ አለው። እኔ ላይ ግን ስኪምፕ ያደርጋል። ኦኬ ነው ማሚ። እኔ እንግዳ አይደለሁም።»

ቀና ስል አባቴ መሐረቡን እንደያዙ ቀርተዋል። መስሚያዋ ገና ከጆሯቸው አልወጣችም።

«ምንድን ነው ያደረግኳት?» አሉኝ። ድምፃቸው የልጅ ሆነብኝ።

«ለእንግዳ የሚሰጡትን ጆሮ እኔን ይነፍጉኛል ነው የምትለው» አልኳቸው። ማለዘብ እችል ነበር፤ አልፈለግሁም።

መሐረቡን አጥፈው ባዶውን ኪሳቸው ከተቱና ክፍላቸው ገቡ። ልጄ «ተቆጣ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። እኔም አላወቅሁም ነበር።

ፎርት ወርዝ ልናደርሳት በወጣንበት ጠዋት አባቴ ከኋላ፣ ከእሷ አጠገብ ካልተቀመጥኩ አሉ። መስሚያዋን አድርገዋል። ልጄ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፤ በመስታወት ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሃይዌይ ላይ ከወጣን በኋላ አባቴ ጉልበቷን ነካ አደረጓት።

«አውሪ እንጂ። ስኪምፕ አታድርጊብኝ።»

ልጄ በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶዋ ወደ ወሬ ዞረ። የጀመረችው ደግሞ ከዚያች ጓደኛዋ ነው። እንዴት እንደተለያዩ፣ ከዚያ በኋላ ምሳዋን ብቻዋን ትበላ እንደነበር፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ውይ ልጄን! እኔ ደግሞ ያኔ እሰይ አልኩሽ?»

«አዎ አባባ። ተባረኪም ብለኸኛል።»

አባቴ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ወዲያው ግን እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደው፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ባትሪው አለቀ» አሉ። ልጄ አፏን ዘጋች። እሳቸው ከኪሳቸው ያንን ነጭ መሐረብ አወጡና ጉልበታቸው ላይ ፈቱት፤ ውስጡ አዳዲስ ባትሪ ብቻ ነበር። አንዱን ከተው መስሚያዋን መለሱና ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ይኸው ሰማሁ። ምሳሽን ብቻሽን ስትበዪ የት ነበር የምትቀመጪው?»